ሀብቴ ሰዓቱ እና የቴክሳስ መንገድ

ወልድያ መናኸሪያ ገብታችሁ «ሀብቴ» ብላችሁ ብትጣሩ አምስት ሰው ዞር ይላል። «ሀብቴ ሰዓቱ» ካላችሁ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ግራና ተወለደ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ መርሳ ላይ ማንጎና ብርቱካን የሚጭን መኪና ላይ ረዳት ሆነ፤ ከረዳትነት ወደ መሪው ለመሻገር ስምንት ዓመት ፈጀበት። መሪውን ከጨበጠ በኋላ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከወልድያ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወልድያ አውቶቡስ ሲነዳ ኖረ። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎች ናቸው። «ደሴ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስ እንበላለን» ካለ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁርሱ ፊታችሁ ነው። ጣርማበር ላይ ጉም ቢወርድ፣ ሸዋሮቢት ላይ ጎማ ቢፈነዳ፣ ሀብቴ የተናገራት ሰዓት አትዛነፍም። የባከነውን ጊዜ ከየት እንደሚያካክሰው እግዜር ይወቀው፤ ሚስቱ ወይንሸት ግን «ሽንት እየከለከላቸው ነው» ትላለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው መኪና ንጠቁትና ቤት አስቀምጡት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነው። ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ የአውቶቡሱ ባለቤት መኪናውን ወደ አዲስ አበባ ሊያሸሽ ተነሳ። ሀብቴን «አንተው ንዳትና እዚያው ቆይ» ብሎት ነበር። ወይንሸት ግን ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም አለች፤ ሀብቴም ወይንሸትን ጥሎ የሚነዳው መንገድ የለም። መኪናዋ በሌላ ሾፌር ሄደች። በነሐሴ ከተማዋ በትግራይ ታጣቂዎች እጅ ገባች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ መንገዱ በዚህም በዚያም ተቆረጠ። ሀብቴ እንደ ልማዱ ሌሊት አሥር ሰዓት ይነሳል፤ ተነስቶ ግን የሚሄድበት የለውም። የውሃ ጀሪካኖቹን ይደረድራል፣ ያፈርሳቸዋል፣ መልሶ ይደረድራቸዋል። «እኔን ጦርነቱ ሳይሆን ይኼ ሰውዬ ነው የሚገድለኝ» አለች ወይንሸት።

ያዳነቻት የቴክሳስ ካርታ ናት። ልጃቸው ሜሮን ቴክሳስ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ሂዩስተን በምትባል ከተማ ነርስ ናት። ስልክ ከመጥፋቱ በፊት፣ ሰኔ ላይ ደውላ፣ «አባዬ፣ ጥር ላይ ሦስት ሳምንት ፈቃድ እወስዳለሁ። ቪዛው ከተሳካ አንተና እማዬ ትመጡና መኪና ተከራይተን አገሩን እንዞራለን። በረሃም አለ፣ ተራራም አለ፣ ጫካም አለ፣ ባሕርም አለ። ካርታ በሰው ልኬልሃለሁ፤ ከየት ወዴት እንደምንሄድ አንተ አውጣው» አለችው። ይህን ለሀብቴ መንገር ለተራበ ሰው ገበታ ማቅረብ ነው። ካርታው ሐምሌ ላይ ደረሰ። የቪዛው ቀጠሮ ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ሆነ።

መስከረም ሲጠባ ሀብቴ ካርታውን ከቁም ሣጥን አወጣና ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። አራቱን ጥግ በአራት ድንጋይ ጫነው። ወይንሸት ቆማ አየችው።

«ቪዛ የለ። መንገድ የለ። ስልክ የለ። አንተ ቴክሳስ ልትዞር ነው?»

«መንገዱ አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም» አለ ሀብቴ መነጽሩን እየጠረገ። «የተከፈተ ቀን ዕቅድ የሌለው ሰው መናኸሪያ ላይ ነው የሚቀረው።»

ይህን ያለው ጮክ ብሎ ነው። ጠረጴዛውንም ጥላ ካለው ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር አላኖረውም፤ ፀሐይ ከሚመታው ከግንቡ ጥግ ነው ያስጠጋው። ወይንሸት ምክንያቱ ገብቷታል።

ከግንቡ ማዶ ያለው የአረጋዊ ቤት ነው። አረጋዊ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። አባቱ ከትግራይ መጥተው ወልድያ የሰፈሩ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ራሱ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ ሸብቷል። ከሀብቴ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ጎረቤት ናቸው። ጎረቤት ብቻም አይደሉ፤ የአረጋዊ ሚስት ፍረወይኒ ሜሮንን ክርስትና ያነሳች ናት። አበልጅ ናቸው። አበልጅ ማለት በእኛ አገር ከሥጋ ዘመድ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ከዘመድህ ብትጣላ ሰው ያስታርቅሃል፣ አበልጅህን ብትበድል ግን እግዜርም ይታዘብሃል ይባላል።

ሀብቴ በድሏል። ሐምሌ ላይ ነው። ያን ሰሞን የወልድያ ወሬ ሁሉ ጥርስ አብቅሎ ነበር፤ ሰው ፈርቷል፣ የፈራ ሰው ደግሞ የሚቆጣውን ይፈልጋል። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበው ሲያወሩ አንዱ ወደ ሀብቴ ዞረና «ያ ጓደኛህስ? አሁንም አንድ ላይ ናችሁ?» አለው። ሁሉም ሀብቴን አየው። ሀብቴ ጣርማበርን በጉም የሚወርድ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን ልቡ ከዳው። «የምን ጓደኛ? ዕቃ የምገዛበት ሰው ነው» አለ። ዞር ሲል አረጋዊ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዝናብ የሚንጠባጠብበትን ጃንጥላ ሊያጥፍ ይዟል። አረጋዊ «እንደምን ዋላችሁ» አለ፣ ጃንጥላውን መልሶ ዘረጋ፣ ሄደ። በማግሥቱ ሱቁን አልከፈተም። ከዚያ ወዲህ ከግቢው አልወጣም።

ከተማዋ እጅ ከለወጠች በኋላም አልወጣም። ፍረወይኒ ለወይንሸት እንደነገረቻት፣ «አሁን ብወጣ ቀን ወጣለት ይሉኛል፤ እኔ እንደሆን ቀኔ ያኔም ይኸው አሁንም ይኸው» ብሎ ቤቱ ቁጭ አለ። ሴቶቹ እኮ አልተቆራረጡም። ግንቡ ጥግ ላይ ጡብ የወደቀባት ቀዳዳ አለች፤ በእሷ ጨው ይሄዳል፣ በርበሬ ይመጣል፣ ወሬም በሁለቱም በኩል ይመላለሳል። የተዘጋው በወንዶቹ በኩል ነው።

«ሂድና አናግረው» ትለዋለች ወይንሸት።

«ምን ብዬ? ተጣልተን ቢሆን ሽማግሌ እልካለሁ። አልተጣላን።»

«አዎ፣ አልተጣላችሁም። ካድከው እንጂ።»

«ያኔ ሰው ፊት ካድኩት፤ ዛሬ ጊዜው ዞሮ በሩን ባንኳኳ ምን ይለኛል? ለጥቅሙ መጣ ነው የሚለኝ። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምለው።»

እውነቱን ነው፤ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ሀብቴ ከሁሉ በላይ የፈለገው አረጋዊን መልሶ ማግኘት ነው፤ መብራቱንም ስልኩንም እንደዚያ አልፈለገም። ስለዚህ ማድረግ የሚችለውን አደረገ፤ ግንቡ ሥር ተቀምጦ በሾፌር ድምፁ ቴክሳስን ማቀድ ጀመረ።

በመጀመሪያው ሳምንት ብቻውን ነበር። የፈረንጅ ፊደሉን እንደ ታርጋ ቁጥር አንድ በአንድ እየለቀመ ያነባል፣ ያነበበውን በሚያውቀው አገር ይተረጉመዋል። አማሪሎ ከፍ ያለች፣ ነፋስ የሚበዛባት፣ ብርዳም ናት፤ «ደብረ ብርሃን ማለት ናት» አለ። ኤል ፓሶ በስተ ምዕራብ ጫፍ በረሃ ላይ ናት፤ ሜሮን «ተራራ ያለበት በረሃ ነው» ብላው ነበር፤ ይህ ለጊዜው ትርጉም አጣለት። በስተ ምሥራቅ ጥድ የሚበዛበት ጫካ አለ። ከሂዩስተን በታች ጋልቬስተን የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ ባሕሩ ነው። በየከተማው መካከል ትንንሽ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ርቀቱ ነው። ሾፌር ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል።

በሁለተኛው ሳምንት ሙሐመድዘይን መጣ። ሙሐመድዘይን ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታ ነው፤ ግን መኪና ከሌለ የሚፈነዳ ጎማ ከየት ይምጣ። ዙሁር ሰግዶ ይመጣል፣ ጠረጴዛው ዳር ይቀመጣል። መጀመሪያ ሊስቅ ነበር የመጣው። በሦስተኛው ቀን «ጋሼ፣ እኔንም ጻፈኝ» አለ። ከብት ማየት ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ብቻውን አሥር ሺህ ከብት አለው ሲባል ሰምቷል። «ወላሂ እሱን ሰውዬ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። አሥር ሺህ ከብት ይዞ ሌሊት እንቅልፍ እንዴት ይወስደዋል?»

ቀጥሎ እማማ አስካለ መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከሀብቴ በታች ያለችው ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። እሳቸው ከብትም ባሕርም አላስጨነቃቸውም።

«ለመሆኑ ኬላው ስንት ነው?» አሉ።

«ኬላ የለም ብላኛለች ሜሮን፣ እማማ።»

እማማ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሙሐመድዘይንም ሳቀ። «ጋሼ፣ እኛን ሞኝ አታድርገን። ከሐራ ወልድያ ለመምጣት እንኳ ሦስት ጊዜ ወርደን እየተፈተሽን፣ ያን የሚያህል አገር ያለ ኬላ?»

«ልጅቱ እዚያ ነው የምትኖረው፤ አታውቅም?»

«አባቷን ማስፈራራት አልፈለገችም ይሆናላ» አሉ እማማ አስካለ። «አንቱ ይህን የመሰለ ጎልማሳ ሾፌር ሆነው ያለ ኬላ መንገድ ያምናሉ?»

ክርክሩ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ሀብቴ ተሸነፈ፤ ከሂዩስተን እስከ ሳን አንቶኒዮ ሁለት ኬላ አስገባ፣ ለእያንዳንዱም ሩብ ሰዓት መደበ። ይህም ለእማማ አስካለ አልበቃቸውም፤ መታወቂያቸው ጊዜው ስላለፈበት ሁለት ቀን ሲጨነቁ ሰነበቱ። ሀብቴ «ሽማግሌ አይወርድም፣ እርስዎ መኪና ውስጥ ይቆያሉ» ብሎ እስኪምልላቸው አልተረጋጉም።

ዕቅዱ እንዲህ እንዲህ እያለ አደገ። ጉዞ የሚጀመረው እንደ ወጉ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ማታ አይነዳም፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የትም ይሁን የት መኪናው ይቆማል። ለሙሐመድዘይን ዙሁርና ዐሱር ላይ ይቆማል፤ ከብት ባለበት ቦታ «ቢስሚላህ ብዬ እኔ ያላረድኩትን አልበላም» ስላለ ቢላዋውን ይዞ እንዲሄድ ተፈቀደለት። ረቡዕና ዓርብ ለጾመኛው የሚበላ ላይገኝ ይችላል ተብሎ እማማ አስካለ ሽሮ ሊያስፈጩ ወሰኑ። ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ አጥቶ ከቆመ ወር ሆኖታል፤ ግን ጥር ገና ነው ተባለ። ወይንሸት ከሩቅ ሆና አተር እየለቀመች ትሰማለች። አንድ ቀን ብድግ ብላ መጣችና ካርታው ላይ ጣቷን ጣለች።

«ባሕሩ ለምን መጨረሻ ሆነ?»

«ለመልካም ነገር መጨረሻ ነው እንጂ…»

«ሀብቴ፣ ሃምሳ ካለፍኩ ቆየሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። መጨረሻ ያልከኝ ነገር ሁሉ ቀርቶብኛል፤ ሐይቅ ላይ እንኳ ቆመን ዓሣ እንብላ ስልህ ሰዓት ይሄዳል ብለህ ሃያ ዓመት አለፍከኝ። ባሕሩን መጀመሪያ አድርገው።»

ሙሐመድዘይን ጣራ ጣራ ያያል፤ ጣራ የለም፣ ሰማይ ነው። ሀብቴ ላጲሱን አነሳ። ጋልቬስተን የመጀመሪያው ቀን ላይ ዋለ። ወይንሸት ወደ አተሯ ስትመለስ ታንጎራጉር ነበር፤ ከነሐሴ ወዲህ የዘፈን ድምጿ ሲሰማ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

አንዳንድ ቀን ከባድ መሣሪያ ከሩቅ ያስተጋባል። ያኔ ሁሉም እጃቸውን ከካርታው ያነሳሉ። ሀብቴ ጆሮውን ቀና አድርጎ «ከድልብ በኩል ነው፣ ሩቅ ነው» ይላል። ትንሽ ቆይተው እማማ አስካለ ያማትባሉ፣ ሙሐመድዘይን «አላህ ያቅልለው» ይላል፣ ከዚያ አንዳቸው «የት ደርሰን ነበር?» ይላሉ፤ ዳላስ ደርሰው ከሆነ ከዳላስ ይቀጥላሉ። ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው፤ የሚስቅበት ባያገኝ ይሞታል።

ከግንቡ ማዶ ግን አንድም ድምፅ የለም። ሀብቴ አንዳንዴ ሆን ብሎ ይጠይቃል፣ «እዚህ ጋ ወጥመድ የመሰለ ቁልቁለት አለ አሉ፤ ፍሬን ምን ዓይነት ይሻላል?» ሙሐመድዘይን ይመልሳል፤ ሀብቴ የጠየቀው ሙሐመድዘይንን አይደለም። ፍረወይኒ በቀዳዳዋ ለወይንሸት «ወንበሩን ግንቡ ሥር አምጥቷል» ብላ ሹክ ብላታለች። ወይንሸት ይህን ለሀብቴ አልነገረችውም፤ ብትነግረው ያበላሸዋል ብላ ነው።

በጥቅምት አጋማሽ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከሳን አንቶኒዮ ኤል ፓሶ ያለው መንገድ ደረሰ። ሀብቴ ይህን ቀን በጉጉት ይጠብቀው ነበር፤ ከጉዞው ሁሉ ረጅሙ መንገድ ነው። መነጽሩን አጠለቀ፣ ቁጥሮቹን ደመረ፣ ፊቱ በራ።

«አምስት መቶ ሃምሳ አንድ» አለ ከግንቡ ማዶ እስኪሰማ። «በሉ እንግዲህ፣ ይኼ የእኔው መንገድ ነው። ከወልድያ አዲስ አበባ ማለት ነው፣ ትንሽ ቢበልጥ። አሥራ አንድ ሰዓት ተነሳን፤ ቁርስ ሦስት ሰዓት፤ ምሳ ሰባት ሰዓት፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኤል ፓሶ ገብተን እግራችንን እንታጠባለን። መንገዱ ደግሞ ሜዳ ነው። ይህችን ዓይኔን ጨፍኜ እነዳታለሁ።»

«ኬላ?» አሉ እማማ አስካለ።

«ኬላውን ጨምሬ ነው።»

ከግንቡ ማዶ አንድ ሰው አሳለ። ሀብቴ እርሳሱን እንደያዘ ቀረ።

«ማይል ነው» አለ ድምፁ።

ወይንሸት ከበሩ ብቅ አለች።

«ማይል ነው ያልኩህ። አሜሪካኖች በኪሎ ሜትር አይቆጥሩም።»

ሀብቴ ለዚህች ቀን ስንት ነገር አዘጋጅቶ ነበር። ሌሊት ሌሊት ተኝቶ የሚለውን ሲያሰማምር ከርሟል። ያን ሁሉ ረሳው፤ ከአፉ የወጣው ሌላ ነው።

«አይደለም።»

«ነው።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳሁትን ሰው ኪሎ ሜትር መቁጠር ታስተምረኛለህ?»

«መንዳትማ ነድተሃል። እኔ ደግሞ ያን የእንግሊዝ ላንድሮቨር ሁሉ ሆዱን ፈትቼ የገጠምኩ ነኝ፤ ቆጣሪው በሙሉ በማይል ነው። ካርታው ታች ጥግ ላይ ይጻፋል፣ አንብበው።»

ሙሐመድዘይን አንዱን ድንጋይ አነሳና አጎነበሰ። ድንጋዩ የተጫነው ልክ እዚያው ላይ ነበር። ትንንሽ ፊደሎች ናቸው፤ ሀብቴ አንድ በአንድ ለቀማቸው፤ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። አሁን ልንገራችሁ፤ በኋላ ብዙ ሰው «ሀብቴ አረጋዊን ለማናገር አውቆ ነው የተሳሳተው» ሲል ሰምቻለሁ። ሀብቴም ይህን ወሬ አላስተባበለም። ውሸት ነው። ሰውየው ከልቡ ነው የተሳሳተው፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«ሊሆን ይችላል» አለ።

«ሊሆን ይችላል ማለት ምንድን ነው? አንዱ ማይል አንድ ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ ሜትር ነው። ያ ያልከው ስምንት መቶ ሰማንያ ይገባል። አዲስ አበባ ደርሰህ፣ ዞረህ ተመልሰህ ኮምቦልቻ ማለት ነው፣ በአንድ ቀን። እማማ አስካለን በረሃ ላይ ልታሳድራቸው ነው። ይህን ሁሉ ቀን ዝም ብዬ ሰማሁህ፤ እንደፈለገ ይሳሳት ብዬ ነበር፤ አሁንስ አልቻልኩም።»

«ኧረ እኔ በረሃ አላድርም» አሉ እማማ አስካለ።

ወይንሸት ወደ ግንቡ ጠጋ አለች። «አበልጄ፣ በግንብ ላይ እንደ ጅብ አትጯጯሁ። በበሩ ይግቡና እዚህ ሆናችሁ ተጨቃጨቁ።»

ከማዶ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ወደ ውስጥ ሊገባ ነው፤ እንደገና ሊዘጋው ነው። ሀብቴ ይህን ሲያውቅ ብድግ አለ። ድንጋዮቹን አነሳ፣ ካርታውን ሳያጥፍ በሁለት እጁ እንደ በፍታ ዘርግቶ ያዘውና ከግቢው ወጣ።

ከሀብቴ በር እስከ አረጋዊ በር ሃያ እርምጃ አትሞላም። ግን ቀን ነው፣ መንገዱ ላይ ሰው ተቀምጧል፤ ውሃ ሊቀዱ ወረፋ የያዙ ሴቶች አሉ፣ ጥግ ላይ ሁለት ታጣቂዎች ቆመዋል። ለሦስት ወር የፈራው ይህችን ሃያ እርምጃ ነው። ሁሉም አዩት። ወረፋው ላይ አንዷ ለአንዷ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ሀብቴ ቴክሳስን ዘርግቶ በመካከላቸው አለፈና በሩን አንኳኳ።

የከፈተችው ፍረወይኒ ናት። ምንም አላለችም፤ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችለት። አረጋዊ ግቢው መካከል ቆሟል። ከስቷል፤ ጺሙን አሳድጓል፤ በእጁ በእርሳስ የተሞላ ወረቀት ይዟል። ሀብቴ ከሩቅ አየው፤ ሂዩስተን፣ ጋልቬስተን፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ሁሉም በተራ ተጽፏል፤ ከየአጠገቡ ሁለት ሁለት ቁጥር አለ፣ ማይሉና ኪሎ ሜትሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለ ሀብቴ።

«ከመጀመሪያው ቀን። ከሂዩስተን ባሕሩ ድረስ ያለውን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ስትል። ዝም አልኩ፤ ሃምሳም ይሁን ሰማንያ ባሕሩ አይርቅም፣ ወይንሸት ትድረስ ብዬ።»

ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ሁለቱም አጎነበሱ፤ ለካርታ ማጎንበስ ይቀላል፣ ፊት ለፊት አያስተያይም። አረጋዊ እርሳሱን ይዞ ከሳን አንቶኒዮ ጀመረ። ሁለት ከተማ ሳይደርስ ሀብቴ እጁን ካርታው ላይ ጫነበት።

«አረጋዊ፣ ሐምሌ ላይ የተናገርኩት…»

«መጀመሪያ ማይሉን እናስተካክል።»

«አናስተካክልም። ልናገረው። አበልጄን ካድኩ። አሥር ሰው ፈርቼ ሃያ ስምንት ዓመት ካድኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እህል በልቼ ጣፍጦኝ አያውቅም። ይቅር በለኝ።»

አረጋዊ እርሳሱን አኖረ። ሙሐመድዘይንና እማማ አስካለ በሩ ድረስ ተከትለው መጥተዋል፤ ወይንሸት ከኋላቸው ናት። ማንም አልገባም፣ ማንም አልሄደም።

«ንገረው» አለች ፍረወይኒ ለባሏ።

«ተዪው።»

«ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።» ወደ ሀብቴ ዞረች። «ያለፈው እሑድ ታጣቂዎች መጥተው ነበር። ስለ አንተ ነው የጠየቁት። ከጎናችሁ ያለው ሾፌር ማን ነው? ወታደር ሲያመላልስ ነበር ይባላል፣ ታውቀዋለህ ወይ አሉት። ጠብመንጃቸውን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው።»

ሀብቴ የወይንሸትን ትንፋሽ ከበሩ በኩል ሰማ። ያን እሑድ ከግቢያቸው ፊት ለፊት ጫማ ሲንኳኳ፣ ቆሞ፣ ተመልሶ ሲሄድ እነሱም ሰምተው ነበር፤ ለምን እንደተመለሰ ግን አላወቁም ነበር።

«ምን አላቸው?» አለ።

«‹አበልጄ ነው። የሚያመላልሰው ማንጎና ተሳፋሪ ነው፤ የእሱን ቤት ከምትፈትሹ የእኔን ፈትሹ› አላቸው። የእኛን ቤት ፈትሸው፣ አልጋውን ገልብጠው ሄዱ።»

ሀብቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አረጋዊን አየው፤ አረጋዊ ካርታውን ነው የሚያየው።

«እኔ በአንተ ቦታ ብሆን አልልም ነበር» አለ ሀብቴ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልክ?»

«አበልጄ ስለሆንክ ነዋ» አለ አረጋዊ። ይህን ያለው እንደ ግልጽ ነገር፣ የጎማ ልክ እንደሚነግር ሰው ሆኖ ነው።

ሀብቴ አለቀሰ። ያ ሰዓት የማይዛነፍበት ሰውዬ፣ ወረፋው ላይ ያሉት ሴቶች እስኪሰሙት ድረስ፣ ሳይደበቅ አለቀሰ። አረጋዊ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። እማማ አስካለም አብረው ጀመሩ፤ ለምን እንደሚያለቅሱ ግማሹ ነው የገባቸው። ወይንሸት ሁሉንም አልፋ ገባች፣ ከባሏ ክርን ሥር ካርታውን ቀስ አድርጋ ሳበችና ወረቀቱ እንዳይርስ ራቅ አድርጋ ያዘችው።